ወሊሶ አካባቢ የድሮ የእንጨትና ጭቃ ቤት ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?

ቡና አፍልቼ | ሚያዝያ 14

እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የመጣሁት ምክር ፍለጋ ነው።

እናቴ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚህ ኮንዶሚኒየም አውጪኝ»። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አልችል ብሏል። ትውልዷ ወሊሶ ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ «ጊዮን» ነው የምትላት፣ በጃንሆይ ጊዜ ስሟ እንደዚያ ነበር። ባለፈው ለለቅሶ ሄደን ከወሊሶ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ቤት እንደሚሸጥ ሰማን። ሄደን አየነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ቤቱ እንጨትና ጭቃ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያሠሩት አባታቸው ናቸው አሉን። አምስት ክፍል አለው። ፊት ለፊቱ በእንጨት ምሰሶ የቆመ በረንዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳሎኑና አንዱ መኝታ ቤት ወለላቸው ጣውላ፣ የቀረው ሊሾ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ መሃሉ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወርዷል። ማድ ቤቱ ከጀርባ ለብቻው ነው። ግቢው 500 ካሬ ገደማ ሆኖ እንሰት፣ ሁለት አቮካዶና አንድ ትልቅ ወይራ አለበት። የሳሎኑ በር ደግሞ ከወጥ ዋንዛ የተጠረበ ነው፤ ሁለት እጄን አድርጌ ነው የገፋሁት።

ደላላው «ጭቃውን ተዪው፣ አፍርሰሽ በብሎኬት ትሠሪያለሽ፤ አንቺ እኮ የምትገዢው መሬቱን ነው» ይለኛል። እኔ ግን ማፍረስ አልፈልግም። ጥያቄዬ፣ እንዲህ ዓይነት ቤት ሲገዛ ምኑ ነው የሚታየው? ግድግዳው ከታች አንድ ሜትር ያህል በሲሚንቶ ተለስኗል። ይኼስ ደግ ነው ክፉ?

ውሃልክ | ሚያዝያ 14

እህቴ፣ 26 ዓመት አናጢ ነኝ። ጭቃ ቤት ሠርቻለሁ፣ አፍርሻለሁ፣ ሊወድቅ የደረሰም አቅንቻለሁ። እንዲህ ያለ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ቀለሙን፣ በረንዳውን፣ ያንን የዋንዛ በር ለጊዜው እርሺው። ቋሚው መሬት የገባበትን ቦታ እዪ።

ድሮ ቋሚው የሚተከለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው። ዙሪያው በድንጋይ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ማገሩ (አግዳሚው ቀጭን እንጨት) በውስጥም በውጭም ይመታል፣ መሃሉ በጭቃ ይሞላል። አየር ላይ ያለው እንጨት ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ ምንም አይሆንም። የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ስንዝር ነው። አንዴ ይርሳል፣ አንዴ ይደርቃል፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ቢላዋና መዶሻ ይዘሽ ሂጂ። ሽማግሌውን አስፈቅደሽ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጭቃውን ትንሽ ፈልፍለሽ እንጨቱን በቢላዋው ጫፍ ውጊው። ጤነኛ ከሆነ ጫፉን ብቻ ይቀበላል። የሞተ ከሆነ እንደ በሰለ ድንች ይገባል። በመዶሻም ቀስ አድርገሽ ምቺው፤ ጤነኛው «ቋ» ይላል፣ የተበላው «ዱብ»። አራቱን ማእዘን አትለፊ። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን ሥርና ባልዲ የሚደፋበትን የማድ ቤት በኩል ደግሞ ሁለት ጊዜ እዪ።

ሌላው የእንጨቱ ዓይነት ነው። ጥድ ከሆነ እሰየው። ፋቅ ስታደርጊው ቀላ ይላል፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ፈረንጅ እርሳስ ይሠራበት የነበረ እንጨት ነውና ሽታው አያሳስትሽም። ምስጥ ጥድን አይደፍረውም። ወይራም እንዲሁ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ስጊ፤ ላዩ ጠንካራ ነው፣ አፈር ውስጥ ሲገባ ለምስጥ ድግስ ነው። ዝግባ ለጣውላ ውብ ነው፣ ለቋሚ አይሆንም። ብዙ ቤት ደግሞ ድብልቅ ነው፤ አባት በጥድ ይሠራል፣ ልጅ ሲጠግን አጠና ይቀይርበታል።

ቱምቢም (በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት) ጣይ። ቤቱ ቢያዘነብል ወዲያው አትደንግጪ፣ ስንጥቁን እዪ። ውስጡ አቧራና የሸረሪት ድር ከያዘ ድሮ አዘንብሎ ያረፈ ነው። ውስጡ ንጹሕ፣ ጠርዙ ስለት ከሆነ አሁንም እየሄደ ነው ማለት ነው።

ስለ ሲሚንቶው ነገ እመለሳለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ሸክላ ሻጭ | ሚያዝያ 14

አቡጀዲው ላይ ሌሊት ሌሊት የሩጫ ውድድር እንደሚኖር ከወዲሁ ለእማማ ንገሪያቸው። አያቴ ቤት ያደግኩ ነኝ። አይጦቹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት አያቆሙም።

ብሎኬት ይሻላል | ሚያዝያ 15

ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ጭቃ ቤት ገንዘብ የሚበላ ቤት ነው። በየዓመቱ ምርጊት፣ በየዓመቱ ቀለም። እኔ የጠየቅኩት ባንክ በመያዣነት እንኳን አልቀበልም ብሎኛል። ቤቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆነው ዕድሜውን ጨርሷል። ገዝተሽ አፍርሺው።

ሲሚንቶውን በተመለከተ ምንም ክፉ ነገር የለውም። የእኛ ቤት ከአሥር ዓመት በፊት በወንፊት ሽቦ ላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ይኸው እስካሁን ቆሟል። ዝናብ አይነካውም፣ ልጆች አይፈለፍሉትም።

ውሃልክ | ሚያዝያ 15

ወንድሜ፣ «ቆሟል» ያልከው ልስኑ ነው ወይስ ቤቱ? አንድ ቀን ከታች በኩል ትንሽ ቀዳ አድርገህ እየው እስቲ።

ጭቃ ይተነፍሳል። በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይመልሳል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ውሃው የሚገባበት አያጣም፤ በስንጥቅ ይገባል፣ ከመሬት ይስባል፣ የሚወጣበት ግን የለውም። እንጨቱ ከውስጥ ሆኖ ይቀቀላል። አንዴ ሰበታ አካባቢ የአንድ ቤት የሲሚንቶ ልስን ስናነሳ ከጀርባው ቋሚ የለም። አልኩህ፣ የለም! የቋሚው ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታና ምስጡ የተወው አፈር ነው የቀረው። ቤቱን ተሸክሞት የነበረው ልስኑና እግዜር ናቸው።

ምስጥ ደግሞ ብርሃን አይወድም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የሚሠራት የአፈር ቧንቧ ትታያለች፣ ትጠርጊያታለሽ። በሲሚንቶ ጀርባ ሲወጣ ግን ማን ያየዋል?

እህቴ፣ ያ የታችኛው ሲሚንቶ ለምን ተለሰነ ብለሽ ጠይቂ። ሰው ጤነኛ ግድግዳ በሲሚንቶ አይሸፍንም። ወይ ዝናብ እየረጨ አስቸግሯል፣ ወይ ሊሸጥ ሲል የተደበቀ ነገር አለ።

ካሰል ነዋሪ | ሚያዝያ 15

ከጀርመን ነው የምጽፈው። የውሃልክን ጽሑፍ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ካሰል ዙሪያ ያሉት ገጠሮች በሙሉ እንዲህ ባሉ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። ፋኽቬርክ ይሏቸዋል። ወፍራም የኦክ እንጨት ይዋቀራል፣ መሃሉ በቀጭን እንጨት ይጠለፋል፣ ከዚያ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል። አዎ፣ ጭድ! ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተ ግድግዳ ሳይ የአያቴ ቤት መሰለኝ። ኬድሊንቡርግ የምትባል ከተማቸው ደግሞ በነዚሁ ቤቶቿ የተነሳ በ1994 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቧታል።

እኔ የምሠራው እነዚህን ቤቶች በሚያድስ ኩባንያ ውስጥ ነው። እዚህም ከጦርነቱ በኋላ ዘመናዊ መስሏቸው ብዙውን ቤት በሲሚንቶ ለስነውታል። አሁን የእኛ ሥራ ያንን ሲሚንቶ ማራገፍ ነው። ከሥሩ የሚወጣው እንጨት በጣት ይፈረፈራል። መልሰን የምንለስነው በጭቃና በኖራ ነው። ለዚህ ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለውን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ልዩነቱ አንድ ነው። የእነሱ እንጨት አፈር አይነካም። ታች ድንጋይ ይነጠፋል፣ በድንጋዩ ላይ አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፣ ቋሚው የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

ውሃልክ | ሚያዝያ 15

ካሰል፣ እጅህ ይባረክ። መፍትሔውም እኮ እሱ ነው። የተበላ ቋሚ ሲገጥመኝ ወራጁን (የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት) በአጠና ደግፌ ቋሚውን ጉልበቱ ላይ እቆርጠዋለሁ። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት አስቀምጬ ቀሪውን እዚያ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ በላሜራ አስረዋለሁ። በቀን ሁለት ቢሆን ነው። የበሰበሰ እግር ቤት አያስፈርስም፣ የቋሚዎቹ እኩሌታ ካልሆነ በቀር።

የተቃጠለ ዘይት ቀባሁበት የሚልሽ ካለ አመስግነሽ እለፊ። ለአዲስ እንጨት ትንሽ ይረዳል፣ የተበላውን ግን አያስነሳም።

ጠበቃው ጎረቤት | ሚያዝያ 16

ስለ እንጨቱ አላውቅም፣ ስለ ወረቀቱ ግን ልበል። ደላላሽ «የምትገዢው መሬቱን ነው» ማለቱ ራሱ ጉድ ነው። መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ 3 ነው የሚለው። የምትገዢው ቤቱን ነው። ደላላው አፍርሺው የሚልሽ ጭቃ፣ በሕግ ፊት የሽያጩ ዕቃ እሱ ነው!

መጀመሪያ የምትጠይቂው ቦታው በማዘጋጃ ቤት ሥር ነው ወይስ የገጠር ይዞታ ነው የሚለውን ነው። ትናንሽ ከተሞች ላይ ድንበሩ ግልጽ አይደለም። መንገድ ዳር ያለው ቤት ካርታ ይኖረዋል፣ ሦስት አጥር አልፎ ያለው የገበሬ ይዞታ ይሆናል። የገጠር ይዞታ በውርስና ለቤተሰብ በሚደረግ ስጦታ ይተላለፋል እንጂ አይሸጥም። «ለስሙ የስጦታ ውል እናድርግ» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ካርታ ካለው ደግሞ ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በዘመን የተከራየ)? በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ላይ ነባር ይዞታ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል። ሰዎች ይህንን ረስተው ብራቸውን በሙሉ ለሻጭ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሲደርሱ ይደነግጣሉ። ለስም ዝውውሩም የቴምብር ቀረጥ አለ፣ 2 በመቶ። ከቀብድ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ አጠቃላይ ወጪውን አስደምሪ።

ከዚያ ዕዳና እገዳ። ከዚያ ፕላን፤ መንገድ በቤቱ መሃል ያልፋል ወይ፣ ሰፈሩስ በጭቃ መጠገን ይፈቅዳል ወይ። አንቺ ቤቱን ልታድሺ ነው የምትገዢው፣ እድሳት ካልፈቀዱልሽ ምን ልታደርጊው ነው?

አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። «አባታቸው ነው ያሠሩት» ብለሻል። ካርታው በማን ስም ነው? በአባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይጠየቃል፣ ወንድምና እህት ካሉ ሁሉም ይፈርማሉ። ሽማግሌው ባለትዳር ከሆኑም ሚስታቸው ይፈርማሉ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ሲል ኖሯል፣ ሰው ግን አሁንም በሦስት ምስክርና በአንድ ሳጥን ቢራ ቤት ይገዛል።

እታባ | ሚያዝያ 17

ልጄ፣ እኔ ምሁር አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከባለቤቴ ጋር ጡረታችንን ይዘን ቡታጅራ አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ገዛን። የገዛነው ጥር ላይ ነው። ፀሐይዋ፣ አየሩ፣ የግቢው ማማር! ቤቱም ደረቅ ነበር። ሐምሌ መጣ። አንድ ሌሊት ነቅቼ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ጫማዬ የለም። ጫማዬ ሳሎን ሄዷል፣ በውሃ ላይ።

ለካ ከበላያችን ያለው ጎረቤት የግቢውን ውሃ ወደ እኛ ነው የሚለቀው። የሸጠልን ሰው ያውቃል። ግድግዳው ሥር የነበረው አዲስ ቀለም ለዚያ ነበር። ሁለት ክረምት ተጣላን፣ በሽማግሌ ታረቅን፣ ቦይ ቆፈርን። አሁን ደህና ነው። ያቺን ዓመት ግን አልረሳትም።

ቤት በበጋ አይታይም። ዝናብ እየዘነበ ሂጂ። ጃንጥላሽን ይዘሽ ከቤቱ ጀርባ ቁሚና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዪ። ገብተሽ ደግሞ በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ሻጋታ ቀለም አይደብቀውም።

ሌላም ልጨምር፣ ጭቃውን አትፍሪው። በየዓመቱ ምርጊት የሚለው ልጅ አጋኗል። እኛ በሦስት ዓመት አንዴ ነው። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተሽ ሳምንት ያህል ታስቀምጪዋለሽ፣ ይቦካል፣ ይሸታል፣ ጎረቤት ያማርራል። ያኔ ነው የሚይዘው። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ እበት ባለበት ቀጭን ጭቃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ኖራ። ሠራተኛ ጠፍቶ እኔው ራሴ በእግሬ ረግጬዋለሁ፣ በ63 ዓመቴ።

ብሎኬት ይሻላል | ሚያዝያ 17

እማማ፣ እርስዎ ካሉማ ተሸነፍኩ። ግን የመብራቱን ነገር ማንም አላነሳም። የድሮ ቤት ገመድ በእንጨቱ ላይ በሚስማር የተመታ፣ አንዳንዱ በጨርቅ የተሸፈነ ነው። በላዩ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ በላዩ ምጣድ። መብራቱን ከቆጣሪው ጀምሮ ሳይቀይሩ እዚያ ቤት ውስጥ እንጀራ አይጋገር።

ውሃልክ | ሚያዝያ 17

በዚህስ ተስማማን። ኮርኒሱም ይውረድ። ከላይ ያለውን የጣሪያ እንጨት፣ ወራጅና ሞራሌውን፣ ሳታዪ እንዳትፈርሚ። ቀን ላይ በርና መስኮት ዝጊ፤ ቆርቆሮው ላይ ኮከብ ከታየሽ የሚስማር ቀዳዳ ነው፣ በቀላሉ ይደፈናል። ከኮከቡ ሥር ያለው እንጨት ጠቁሮ ከሆነ ግን ያ እንጨት ይቀየራል። የቆርቆሮው ዳር ከግድግዳው ክንድ ያህል መውጣት አለበት፣ አሸንዳም ይኑረው። ከዚያ ያ የታችኛው ሲሚንቶ አያስፈልግም።

ቡና አፍልቼ | ሐምሌ 6

ይኸው ተመለስኩ። ስለጠፋሁ ይቅርታ። እታባ እንዳሉት ዝናቡን ጠብቄ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አንድ አናጢ ይዤ ሄድኩ። ከቱሉ ቦሎ ጀምሮ ዶፍ ነው፤ ሹፌሩ «ምን ዓይነት የቤት ገዢ ናችሁ» እያለ ነበር። የግቢው ውሃ እንደፈራሁት ሳይሆን ወደ እንሰቱ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ከቤቱ በላይ በኩል አባታቸው የቆፈሩትን ቦይ አሳዩኝ። ሣር ወርሶት እንጂ ይሠራል። እንሰቱ ለምን እንደዚያ እንዳማረበት ያኔ ገባኝ።

ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ሄድንባቸው። የውጭው ግድግዳ 31 ቋሚ አለው። አብዛኞቹ ጥድ ናቸው። እርሳስ ይሸታሉ! ሽማግሌው እንጨቱን ሳሸት አይተውኝ ሳቁ። ሲሚንቶው የተለሰነው በማድ ቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው ወፍራም የሆነው። እዚያ ጋ አስፈቅደን ስናነሳው ቢላዋው እስከ እጀታው ገባ። አምስት ቋሚ በተርታ። አምስቱም ባሕር ዛፍ፣ በኋላ የተቀየሩ። ሽማግሌው አልካዱም፤ «ልጄ ነው ያስለሰነው፣ እኔ አልወደድኩትም ነበር» አሉኝ። ዋጋውን በዚያ ምክንያት ቀነሱልኝ።

ካርታ አለው፣ ነባር ይዞታ ነው። ስሙ ግን የአባት ነው። ጠበቃው፣ ዓይንዎን የወጋው ነገር ትክክል ነበር። የሽማግሌው እህት አዳማ ነው የሚኖሩት፣ ለመፈረም ፈቃደኛ ናቸው። የወራሽነቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስለሆነ እየጠበቅን ነው። የሊዙን ነገር ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አስደመርኩት። ያመመኝ እሱ ነው፣ ግን ይቻላል። እድሳትም ይፈቀዳል፣ ቁመቱንና ስፋቱን እስካልቀየርኩ ድረስ። ቀብድ አልከፈልኩም። ደላላው አኩርፎኛል።

እናቴ ደግሞ ከወዲሁ ጭቃውን እኔ ነኝ የማስቦካው እያለች ነው።

ጠበቃው ጎረቤት | ሐምሌ 6

ደላላ ካኮረፈ ነገሩ በትክክል እየሄደ ነው። የፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ በእጅሽ ሳይገባ አንድ ብር እንዳይወጣ።

ውሃልክ | ሐምሌ 7

አምስት ቋሚ ምንም አይደለም፣ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። መስከረም ላይ ጀምሩት፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ያ የዋንዛ በር ከቤቱ ጋር ነው? ሽማግሌው የአባታቸው ማስታወሻ ነው ብለው ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ገዢው ቁልፍ ሲረከብ በሩ ላይ ላሜራ ተገጥሞ ያገኘዋል።

ቡና አፍልቼ | ሐምሌ 7

ኧረ እሱን አላሰብኩትም! አሁኑኑ ልደውልላቸው።